የዓሣ ስም ልትመረምሪ ለተነሳሽው የእህቴ ልጅ

ልጄ፣ እዚህ አሜሪካ ገበያ ላይ ያለው ዓሣ የተባለው ዓሣ መሆኑን በዲኤንኤ ላጣራ ነው ማለትሽን እናትሽ ነገረችኝ። ገና ተማሪ ነኝ ብለሽ አትፍሪ። እ.ኤ.አ. በ2008 ኒውዮርክ ውስጥ ሁለት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይህንኑ ሠርተው፣ ከተለዩላቸው ናሙናዎች ሩቡ በሐሰት ስም የተሸጠ ሆኖ ተገኝቷል።

1. መጀመሪያ ሕጋዊውን ስም እወቂ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን (ኤፍዲኤ) የትኛው ዝርያ በምን ስም እንደሚሸጥ የሚያሳይ ዝርዝር አለው። ሬድ ስናፐር የአንድ ዝርያ ስም ብቻ ነው። ኦሺያና የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ በዚህ ስም ከተገዙት 120 ናሙናዎች እውነተኞቹ 7 ብቻ ነበሩ።

2. ዋናው ሥራ አቆራረጡ ላይ ነው። ዓሣውን ከመፍታትሽ በፊት ማሸጊያውንና ደረሰኙን ፎቶ አንሺ። ከዚያ ከሥጋው ውስጠኛ ክፍል የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ወስደሽ አልኮል ውስጥ ክተቺ። በአንድ ምላጭ ሁለት ዓሣ እንዳትቆርጪ! ፒሲአር የሚባለው የላቦራቶሪ ዘዴ ጥቂቱን ዲኤንኤ አባዝቶ ነው የሚያሳየው፤ ምላጩ ላይ የቀረችውንም አብሮ ያባዛልሻል። ቁጥሩን በእርሳስ ጻፊ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይለቃል።

3. በትኩስ ወይም በበረዶ በተቀመጠ ዓሣ ጀምሪ። የሚነበበው ሲኦአይ ከሚባል ጂን 650 ገደማ ፊደላት ያሉት ክፍል ነው፤ ባርኮድ ይሉታል። የጣሳ ዓሣ ሲቀቀል ዲኤንኤው ይሰባበራል፤ ለጀማሪ አይሆንም።

4. ባርኮዱ ዝርያን እንጂ ዓሣው የት እንደተጠመደ፣ በኩሬ ይርባ በባሕር፣ አይነግርሽም። የቅርብ ዘመዳሞችንም ሁሌ አይለይም። አንዳንድ የቱና ዝርያዎች በዚህ ጂን ይምታታሉ፤ የእኛዎቹ የጣና ባርበሶችማ ይብሳሉ።

5. ስሙ ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ባለሱቁን ሌባ አትበዪው። ዓሣው እሱ ዘንድ እስኪደርስ በብዙ እጅ ያልፋል፤ ስሙ የት እንደተቀየረ ውጤቱ አያሳይም። ኋይት ቱና የተባለው እስኮላር የሚባል ዓሣ ሆኖ ከተገኘ ግን ዝም አትበዪ። ስቡ ሰውነት የማይፈጨው ሰም ስለሆነ በብዛት የበላውን ሆዱን ያስቀምጠዋል።

6. የተረፈውን ቁራጭ ውጤቱ እስኪመጣ ፍሪዘር ውስጥ አቆዪው። የሚጠራጠር ቢመጣ ድጋሚ የሚቆረጠው ከእሱ ነው፤ ለእናትሽም እንዳትጠብሰው ንገሪያት።