ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ከቀዶ ጥገና በኋላ ቢደማ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እህቴ ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ስላላት ደም እንዳይረጋ የሚከላከለውን ዋርፋሪን ትወስዳለች። ጎንደር የሐሞት ጠጠሯን በቀዶ ጥገና ልታስወጣ ነው። ጃናሞራ ከተመለሰች በኋላ ውስጥ ለውስጥ ብትደማ በምን እናውቃለን?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ለመመለስ አትቸኩሉ። ከጃናሞራዋ ከተማ ከመካነ ብርሃን ወደ ደባርቅ የሚወስደው መንገድ በቧሂት ተራራ ከፍታ ላይ ያልፋል፤ ደባርቅም ከጎንደር ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ለሚደማ ሰው ይህ መንገድ ረጅም ነው። ዋርፋሪኑ እንደገና ከተጀመረ በኋላ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ውጤት እስኪስተካከል ጎንደር ዘመድ ቤት ብትሰነብት እመርጣለሁ።

ቁስሉ ደረቅ መሆኑ አያዘናጋችሁ። ሆዷ እየተነፋና ሕመሙ እየባሰ ከሄደ፣ ልቧ ቶሎ ቶሎ ከመታ፣ ላብ ካጠመቃት፣ ስትነሳ ካዞራት፣ ሽንቷ ካነሰ ወይም ሰገራዋ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ ሳታድሩ ሐኪም ቤት አድርሷት። የምትወስደውን መድኃኒት ሁሉ ያዙ፤ ደም የሚለግስ ዘመድም አብሮ ይምጣ።

እዚያ የሚሰጣት ደምና ፕላዝማ ሊሆን ይችላል። የዋርፋሪንን ሥራ የሚቀለብሰው ቫይታሚን ኬ በደም ሥር ቢሰጥም ለመሥራት ሰዓታት ይፈጅበታል። ደሙ ካልቆመ ሆዷ እንደገና ሊከፈት ይችላል። ለሐኪሙም ቢሆን ነገሩ ቀላል አይደለም፦ ዋርፋሪኑ ለረጅም ጊዜ ከተቋረጠ ቫልቩ ላይ ደም ሊረጋ ይችላል። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በፊትም ሆነ በኋላ ዋርፋሪኑን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ አትጀምሩ። ለሕመም ማስታገሻም ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ከሱቅ አትግዙላት።