አሜሪካዊ ማን ነው? ታሪካዊ ፎቶግራፎች የሚሰጡት መልስ

ፎቶግራፍ የሚለው ቃል ከግሪክ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፤ ትርጓሜው በብርሃን መጻፍ ማለት ነው። ይህ ጥበብ በ1839 ዓ.ም. ሉዊ ዳጌር በሚባል ፈረንሳዊ አማካይነት በፓሪስ ለሕዝብ ተገለጠ፤ ዓመቱም ሳያልቅ ውቅያኖሱን ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተመለከቱ ናቸው።) በዚያን ጊዜ የአሜሪካ አገር ነጻነቷን ካወጀች ገና 63 ዓመት መሆኑ ነበር። ስለዚህ አገሪቱና ፎቶግራፍ አብረው አደጉ ቢባል ሐሰት አይሆንም። የቆዩ ሕዝቦች የአባቶቻቸውን መልክ በሐውልትና በግድግዳ ሥዕል ሲያስታውሱ፤ አሜሪካውያን ግን ከታሪካቸው የሚበዛውን በፎቶግራፍ ያስታውሱታል።

አሜሪካ ከነባር ሕዝቦቿና ከየአህጉሩ ከመጡ ሕዝቦች የቆመች አገር ናት። በዚህም ምክንያት «አሜሪካዊ ማን ነው?» የሚለው ጥያቄ በዚያ አገር ተራ ጥያቄ ሆኖ አያውቅም። የመምረጥ መብት፤ መሬት የመያዝ መብት፤ በገዛ ቤት በሰላም የመኖር መብት እንኳ በመልሱ ላይ ሲመሠረት ኖሮአል። ለዚህ ጥያቄ ሕግ አውጪዎችና ፍርድ ቤቶች በቃል መልስ ሰጥተዋል፤ ፎቶግራፎች ደግሞ ያለ ቃል መልስ ሰጥተዋል። ብዙ ሰው የሕግ መጽሐፍ ሳይገልጥ ዕድሜውን ይፈጽማል፤ ሥዕል ሳያይ የሚኖር ግን የለም።

ፎቶግራፍ አይዋሽም ይባላል። በፊቱ የቆመውን ስለሚቀርጽ በዚህ በኩል አባባሉ እውነትነት አለው። ሆኖም ፎቶግራፍ ምስክር ነው እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክር ደግሞ የት ቆሞ እንዳየ፤ ማን እንደ ጠራው፤ ያልተናገረውም ነገር ምን እንደ ሆነ ይጠየቃል። «ነገርን ከሥሩ፤ ውሃን ከጥሩ» እንዲሉ፤ ከታወቁት የአሜሪካ ፎቶግራፎች ጥቂቶቹን አንሥተን በአራት ጥያቄ እንመርምራቸው።

ሀ. በሥዕሉ ውስጥ ማን ቆመ? ማንስ ቀረ?

በ1869 ዓ.ም. ሜይ 10 ቀን በዩታ ግዛት፤ ፕሮሞንቶሪ በተባለው ቦታ፤ ከምሥራቅና ከምዕራብ ሲሠራ የመጣው የምድር ባቡር ሐዲድ ተገናኘ። አንድሩ ራስል የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ያን ዕለት ያነሣው ሥዕል በብዙ የታሪክ መጻሕፍት ታትሞ ይገኛል። ሁለት ባቡሮች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በመካከላቸው ሁለት ዋና መሐንዲሶች እጅ ለእጅ ተጨባብጠዋል፤ በባቡሮቹ ላይ የወጡ ሰዎችም የመጠጥ ጠርሙስ ዘርግተዋል። ሥዕሉን ያየ ሰው «አገሪቱን ያገናኙ እነዚህ ናቸው» ብሎ ያልፋል።

ነገር ግን ከምዕራብ በኩል ያለውን ሐዲድ የሠራው ሴንትራል ፓሲፊክ የተባለው ኩባንያ ከነበሩት ሠራተኞች እጅግ የሚበዙት ከቻይና የመጡ ነበሩ፤ ቍጥራቸውም ከ10 ሺህ በላይ እንደ ነበረ የታሪክ ሊቃውንት ያስረዳሉ። የሴራ ኔቫዳን ተራራ ዐለት በመዶሻና በባሩድ የፈለፈሉ፤ በክረምትም የበረዶ ናዳ የወረደባቸው እነርሱ ናቸው። የሚከፈላቸው ከነጮቹ ያነሰ ስለ ነበረ፤ በ1867 ዓ.ም. እኩል ደመወዝ ይሰጠን ብለው ሥራ አቁመው ነበር። በዚያው በመገናኛው ዕለት እንኳ ከመጨረሻው ሐዲድ ጋር ሲደክሙ የዋሉት የቻይና ሠራተኞች ነበሩ። በታወቀው ሥዕል ላይ ግን ተለይተው አይታዩም።

ከ13 ዓመት በኋላ፤ በ1882 ዓ.ም.፤ የቻይና ሠራተኞች ወደ አገሪቱ እንዳይገቡ፤ ቻይናውያንም ዜግነት እንዳይሰጣቸው የሚከለክል ሕግ ወጣ። ክልከላውም እስከ 1943 ዓ.ም. ድረስ ቆየ። ሕጉ የወጣው በፎቶግራፉ ምክንያት ነው ማለታችን አይደለም። ነገር ግን ሲሠራ ያልታየ ሰው ድካሙ ቶሎ ይረሳል፤ ድካሙ የተረሳበትን ሰውም «አንተ ከወዴት መጣህ?» ማለት ቀላል ይሆናል።

ኮርኪ ሊ የተባለው ከቻይናውያን ወላጆች በኒው ዮርክ የተወለደ ሰው፤ ገና ተማሪ ሳለ ይህን ፎቶግራፍ በመማሪያ መጽሐፉ ላይ አይቶ የቻይናውያንን ፊት በማጉያ መነጽር ቢፈልግ እንዳጣ ተናግሮአል። በኋላም ራሱ ፎቶግራፍ አንሺ ሆነ። በ2014 ዓ.ም. የሐዲዱ መገናኘት 145ኛ ዓመት ሲከበር፤ የእነዚያን ሠራተኞች ተወላጆችና ሌሎች ከእስያ ወገን የሆኑ አሜሪካውያንን በዚያው ቦታ ሰብስቦ፤ በባቡሮቹ ፊት አቁሞ አዲስ ፎቶግራፍ አነሣ። በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ የተጀመረ ጥያቄ ከብዙ ዘመን በኋላ እንዲህ ያለ ፍሬ ማፍራቱን ልብ ማለት ይገባል።

ለ. ከሥዕሉ ውስጥ ምን ተፋቀ?

ኤድዋርድ ከርቲስ የተባለው ፎቶግራፍ አንሺ ከ1907 እስከ 1930 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ስለ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች 20 ቅጽ መጽሐፍ አሳትሞአል። ድካሙ እጅግ ትልቅ ነው፤ ሊጠፋ ይችል የነበረ ብዙ ዜማና ወግም መዝግቦ አትርፎአል። ይሁን እንጂ በ1910 ዓ.ም. ፒገን በሚባለው ሕዝብ ድንኳን ውስጥ ያነሣው አንድ ሥዕል ልንመረምረው የሚገባ ነው። በሥዕሉ ላይ ሁለት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸውም አንድ የደወል ሰዓት ነበረ። መጽሐፉ ሲታተም ግን ሰዓቱ ከሥዕሉ ላይ እንዲፋቅ ተደረገ። ሰዓቱ ያለበት የመጀመሪያው ሥዕል በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ስለሚገኝ፤ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ ማየት ይቻላል።

ይህ ለምን ተደረገ? ከርቲስ ሊያሳይ የፈለገው ከጥንት ጀምሮ የነበረውንና ሊጠፋ ነው ተብሎ የታሰበውን ኑሮ ነበር፤ ሰዓቱ ግን ከዚህ አሳብ ጋር አልስማማ አለ። ሰዓት በቤቱ ያለው ሰው የዛሬ ሰው ነው፤ ሰዓቱ ሲፋቅበት የትናንት ሰው ይሆናል። ለትናንት ሰው ይታዘንለታል እንጂ መብቱ አይጠየቅለትም። የአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ሁሉ የገዛ አገራቸው ዜጎች መሆናቸው በሕግ የታወቀላቸው በ1924 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም አገሪቱ ነጻነቷን ካወጀች ከ148 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሐ. ከሥዕሉ ሥር ምን ተጻፈ?

በ1936 ዓ.ም. በማርች ወር፤ አገሪቱ በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት በተጨነቀችበት ጊዜ፤ የመንግሥት ሠራተኛ የነበረችው ዶሮቴያ ላንግ በካሊፎርንያ ኒፖሞ በተባለው ስፍራ አንዲት የሰባት ልጆች እናት ፎቶግራፍ አነሣች። ሴቲቱ እጇን ወደ ጉንጯ አስጠግታ ወደ ሩቅ ትመለከታለች፤ ሁለት ልጆች ፊታቸውን አዙረው በትከሻዋ ላይ ተደግፈዋል። ብርዱ የአተሩን ሰብል ስላጠፋው በዚያ ሰፈር የነበሩት ለቃሚዎች ሥራ አጥተው ነበር። ሥዕሉ በጋዜጣ ሲወጣ መንግሥት 20 ሺህ ፓውንድ ያህል፤ ማለት ወደ 9 ሺህ ኪሎ የሚጠጋ፤ ምግብ ወደ ሰፈሩ ላከ። እንግዲህ አንድ ፎቶግራፍ ለተራበ ሰው እህል ሊያደርስ እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

ሆኖም ላንግ የሴቲቱን ስም አልጠየቀችም። የመኪናቸውን ጎማ ሸጠው ምግብ እንደ ገዙ ጻፈች፤ ቤተ ሰቡ ግን በኋላ ይህ አልተደረገም ብሎአል። ምግቡም ሲደርስ እናቲቱና ልጆቿ ሰፈሩን ለቀው ሄደው ነበር። ሥዕሉ በአገሩ ሁሉ ታወቀ፤ ብዙ ሰውም ሴቲቱን ከአውሮፓ የመጡ የነጭ ገበሬዎች ልጅ አድርጎ ተመለከታት። ስሟ ፍሎረንስ ኦውንስ ቶምሰን መሆኑ የታወቀው በ1978 ዓ.ም. ነው፤ እርሷም ከቸሮኪ ሕዝብ፤ ማለት ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ወገን ነበረች። ከሥዕሉም ምንም ገንዘብ እንዳላገኘች ተናግራለች። ከርቲስ ነባሮቹን ሕዝቦች የትናንት ሰዎች አድርጎ ባሳየበት አገር፤ የአሜሪካ እናት ምሳሌ ሆና የታወቀችው ሴት ከእነዚያው ሕዝቦች ወገን ሆና ተገኘች። በሥዕሉ ሥር ስሟና ወገኗ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ሥዕሉ የሚያስተምረው ሌላ ይሆን ነበር።

መ. ሥዕሉ ለማን ታየ? ከማንስ ተሸሸገ?

ያችው ዶሮቴያ ላንግ በ1942 ዓ.ም. ሌላ ሥራ ተሰጣት። ጃፓን በ1941 ዓ.ም. ዲሴምበር 7 ቀን ፐርል ሃርበርን ከመታች በኋላ፤ ፕሬዚዳንት ሩዝቬልት በፈረሙት ትእዛዝ ቍጥር 9066 መሠረት 120 ሺህ ያህል ከጃፓን ወገን የሆኑ ሰዎች ከቤታቸው እየተነሡ በታጠረ ሰፈር ተቀመጡ። ከእነዚህ ከሦስቱ እጅ ሁለቱ እጅ የሚሆኑት እዚያው አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። ላንግ ይህን በፎቶግራፍ እንድትመዘግብ በመንግሥት ተቀጠረች።

በኦክላንድ ከተማ ያነሣችው አንድ ሥዕል የምግብ ሸቀጥ የሚሸጥበትን ሱቅ ያሳያል። ባለቤቱ ከጃፓን ወገን የሆነና በካሊፎርንያ ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ነበር። በፐርል ሃርበር ማግስት ከሱቁ ፊት ለፊት ትልቅ ጽሑፍ ሰቀለ፤ ጽሑፉም «እኔ አሜሪካዊ ነኝ» የሚል ነበር። በፎቶግራፉ ላይ ጽሑፉ ጎልቶ ይነበባል፤ ሱቁ ግን ተዘግቶአል። አሜሪካዊ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ ሰውየው በራሱ አፍ መልስ ሰጠ፤ አገሩም መልሱን አልተቀበለችውም።

ከላንግ ሥዕሎች የሚበዙት ጦርነቱ እስኪያልቅ ድረስ ከሕዝብ ዐይን ተሸሽገው ቆዩ፤ ከዚያም በብሔራዊ መዝገብ ቤት ተቀመጡ። በርከት ያሉት በመጽሐፍ የታተሙት በ2006 ዓ.ም. ነው። ነገር ግን ያኔ አልተቃጠሉም ነበርና፤ ቀኑ ሲደርስ ምስክርነታቸውን ሰጥተዋል። በ1988 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት በሕግ ይቅርታ ጠይቆ፤ በሕይወት ለተገኘው ለእያንዳንዱ ተጎጂ 20 ሺህ ዶላር እንዲከፈል ወሰነ።

ሠ. ራሱን በራሱ ያሳየ ሰው

እስካሁን የተመለከትናቸው በሌላ ሰው እጅ የተነሡ፤ ወይም የተረሱ፤ ወይም የተሸሸጉ ሰዎች ናቸው። ከእነርሱ አስቀድሞ ግን የፎቶግራፍን ኀይል ተረድቶ ስለ ራሱና ስለ ወገኑ ምስክር ያቆመ ሰው ነበር። ፍሬደሪክ ዳግላስ በባርነት ተወልዶ በ1838 ዓ.ም. አምልጦ ነጻ የወጣ ታላቅ ተናጋሪ ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከነበሩት አሜሪካውያን ሁሉ ይበልጥ ፎቶግራፍ የተነሣ እርሱ እንደ ሆነ ሊቃውንት ያስረዳሉ፤ እስካሁን የተገኙት ሥዕሎቹ ወደ 160 ይደርሳሉ።

ይህን ያደረገው ለመታየት ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን በጋዜጣና በመጽሐፍ የሚሣሉት ጥቁሮች መልካቸው የተበላሸ፤ ወይም በባርነታቸው ደስ ብሎአቸው የሚስቁ ነበሩ። ዳግላስ ግን መልካም ልብስ ለብሶ፤ ፊቱን አኮስትሮ፤ ወደ ፊት እየተመለከተ ተነሣ። በእርስ በርሱ ጦርነት ጊዜም ስለ ፎቶግራፍ ንግግር አድርጎአል። የሠዓሊ እጅ ሊያጣምመው የሚችለውን መልክ የፎቶግራፍ መሣሪያ በትክክል ስለሚያሳይ፤ ሰው መሆኑን የሚክዱትን ሁሉ በዚህ ተከራከራቸው።

እንግዲህ ከእነዚህ ሁሉ የምናገኘው ትምህርት ፎቶግራፍን እንድንጠላ ወይም እንዳናምን አይደለም። የቻይናውያኑን መቅረት የምናውቀው ያው ፎቶግራፍ ስላለ ነው፤ የተፋቀውንም ሰዓት ያገኘነው ዋናው ሥዕል ስለ ተጠበቀ ነው። አንዱን ፎቶግራፍ ብቻ ይዘን «አሜሪካ ይህች ናት፤ አሜሪካዊም ይህ ነው» ብንል ግን በአንድ ምስክር ቃል ፍርድ እንደ ሰጠን ይቈጠራል። የባቡሩን ሥዕል፤ የድንኳኑን ሥዕል፤ የእናቲቱን ሥዕል፤ የሱቁንና የዳግላስን ሥዕል አጠገብ ለአጠገብ ስናደርግ፤ አሜሪካዊነት አንድ መልክ ሳይሆን፤ «እኔም ከዚህ ነኝ» ባዩና «አይደለህም» ባዩ ለረዥም ዘመን ሲሟገቱበት የኖሩበት ጉዳይ መሆኑን እንረዳለን።

ይህ ለእኛም ሩቅ ነገር አይደለም። ከመካከላችን ወንድሙ ወይም አክስቱ ወደ አሜሪካ ሄደው የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው፤ እዚያ ተወልደው የሚያድጉ የሥጋ ዘመዶችም አሉን። እነዚያ ልጆች የአገራቸውን ታሪክ ሲማሩ በመጽሐፋቸው ሥዕል ውስጥ ራሳቸውን የሚያገኙ ወይም የማያገኙ መሆናቸው ሥዕሎቹን በሚመርጡና በሚጠይቁ ሰዎች እጅ ነው። ስለዚህ የክፍል ጓደኞቼ ሆይ፤ በመጽሐፍም ሆነ በስልካችሁ መስተዋት ላይ አንድ የታሪክ ፎቶግራፍ ስታዩ፤ ማን ቆመ፤ ማን ቀረ፤ ምን ተፋቀ፤ ምን ተጻፈ፤ ለማንስ ታየ ብላችሁ ጠይቁ። ወላጆችም በየቤታችሁ ካለው አሮጌ ፎቶግራፍ ጀርባ የሰዎቹን ስም፤ ቦታውንና ዓመቱን ብትጽፉበት፤ ነገ ለሚጠይቅ ልጅ ታማኝ ምስክር ታቆሙለታላችሁ።