የሌሊት ጠረን፦ የአገዳ ቆርቁር እናት ማሽላን የምታገኝበት መንገድና ለዋግ ኽምራ ያለው ትርጉም

መግቢያ

በዋግ ኽምራ፣ ከሰቆጣ ዙሪያ እስከ አምደወርቅና የደሃና ቀበሌዎች፣ ማሽላ እህል ብቻ አይደለም። አገዳው ለከብት መኖ፣ ለማገዶና ለአጥር ይውላል። የዝናቡ ወቅት አጭር ስለሆነ በተባይ የተመታ ማሳን እንደገና ለመዝራት ጊዜ አይተርፍም።

ማሽላን ከሚያጠቁ ተባዮች አንዱ አገዳ ቆርቁር ነው። በኢትዮጵያ በይበልጥ የሚታወቁት ሁለት ዝርያዎች ናቸው፦ ቀዝቀዝ ባለ ከፍታ የሚበዛው አፍሪካዊው ቡሲዮላ ፉስካ እና ከእስያ የገባው፣ ቆላማ ስፍራን የሚመርጠው ኪሎ ፓርቴለስ። ከተከዜ ሸለቆ እስከ ደጋ የሚዘልቀው የዋግ መልክዓ ምድር ለሁለቱም የሚስማማ የከፍታ ልዩነት አለው።

ጉዳቱን የሚያደርሰው እጩ ነው፤ የሚጠቃውን ተክል የምትመርጠው ግን እናቲቱ የእሳት እራት ናት። እጩ አገዳው ውስጥ ከገባ በኋላ የሚረጭ መድኃኒት በቀላሉ አይደርስበትም። ስለዚህ እናቲቱ ማሳውን የምታገኝበትን መንገድ ማወቅ ጉዳቱን ከመነሻው ለመከላከል ይረዳል።

ከአንቴና እስከ አንጎል

ሕዝቡ «የእሳት እራት» የሚል ስም የሰጣት ወደ ብርሃን ስለምትሮጥ ነው። ተክል ስትፈልግ ግን ዋና መሪዋ ሽታ ነው። አንቴናዎቿ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሏቸው ፀጉር መሰል የስሜት አካላት ተሸፍነዋል። የሽታ ሞለኪውሎች በቀዳዳዎቹ ይገባሉ፤ በውስጡ ባለው ፈሳሽ የሚገኙ ሽታ ተሸካሚ ፕሮቲኖችም ሞለኪውሎቹን ወደ ነርቭ ሕዋሳት ለማድረስ ያግዛሉ።

በነርቭ ሕዋሱ ሽፋን ላይ አንድን ሽታ ወይም ተቀራራቢ ሽታዎችን የሚለይ ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ይህ ተቀባይ ኦርኮ ከተባለ አጋር ፕሮቲን ጋር ተጣምሮ የአዮን መተላለፊያ ይሠራል። ሽታው ሲያርፍበት መተላለፊያው ይከፈትና የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎሉም ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሳይሆን በድምር ቅንብራቸው ያነባል። ብዙዎቹ የማሽላ ሽታዎች በሌሎች ተክሎችም ስለሚገኙ፣ ተክሉን የሚያሳውቀው በአመዛኙ የሽታዎቹ ዓይነትና መጠን ጥምረት ነው።

ነፋስ የሽታውን ጅረት ስለሚበጣጥሰው በራሪዋ ሽታው ሲነካት በነፋሱ ትይዩ ወደ ፊት ትገፋለች፤ ሲጠፋባት ደግሞ ወደ ግራና ቀኝ እየተመላለሰች ትፈልገዋለች። ተክሉ ላይ ካረፈች በኋላ ግን ሽታ ብቻውን አይወስንም። የቡሲዮላ ፉስካ እናት አገዳውን በአንቴናዋና በእንቁላል መጣያዋ እየዳሰሰች ትመረምራለች፤ እንቁላሏንም ቅጠሉ አገዳውን ባቀፈበት ክፍል ሥር ትደብቃለች። ስለዚህ ምርጫዋ ሁለት ደረጃ አለው፦ ከሩቅ በሽታ፣ ከቅርብ በዳሰሳ።

ሽታን ለመከላከያነት መጠቀም

ይህን ባሕርይ መሠረት ያደረገው «ገፍቶ የመሳብ» ዘዴ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በኬንያ በዓለም አቀፉ የነፍሳት ፊዚዮሎጂና ሥነ ምህዳር ማዕከልና በአጋሮቹ ተቀመረ። በሰብሉ መካከል ገፊ ተክል፣ በማሳው ዳር ደግሞ ሳቢ ሣር ይተከላል።

በሳቢነት የሚያገለግለው የዝሆን ሣር ነው። ጨለማ በገባ በመጀመሪያው ሰዓት የሚለቀው የሽታ መጠን ከመጨረሻው የቀን ብርሃን ሰዓት ጋር ሲነጻጸር ወደ 100 እጥፍ እንደሚያድግ፣ የማሽላና የበቆሎ ግን እስከ 10 እጥፍ ብቻ እንደሚጨምር ተለክቷል። ይህ ሰዓት እናቲቱ ለእንቁላሏ ስፍራ የምትፈልግበት ነው። በሣሩ ላይ የተፈለፈሉት እጮች አብዛኞቹ ሳያድጉ ይሞታሉ። በገፊነት የተሞከረው የሞላሰስ ሣር በበኩሉ በተባይ የተበላ ተክል የሚለቃቸውን የመሰሉ ሽታዎች ያወጣል። እነዚህ ሽታዎች እናቲቱን ከማራቃቸውም በላይ እጮቹን የሚያጠቃ ጥገኛ ተርብ ይጠራሉ።

ዴስሞዲየም በገፊነት ይበልጥ ተስፋፍቷል፤ ሥሩ አቀንጭራን የሚገታ መሆኑም ለማሽላ አብቃይ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ በአሜሪካ መጤ ተምች ላይ የተደረገ ጥናት ዴስሞዲየም የሚለቀው ሽታ አነስተኛ መሆኑንና የተምቹን እናት በግልጽ እንደማያርቅ አመለከተ። በአንጻሩ የቅጠሉ መንጠቆ መሰል ፀጉሮች እጮችን ይዘው ሲገድሉ ታይቷል። መጤ ተምችና አገዳ ቆርቁር የተለያዩ ነፍሳት ስለሆኑ ግኝቱ በቀጥታ ከአንዱ ወደ ሌላው አይወሰድም። ነገር ግን የሰብል ጉዳት መቀነሱ ብቻ ሽታ ለመሥራቱ ማስረጃ እንዳልሆነ ያስገነዝባል።

ለዋግ ኽምራ ያለው ትርጉም

ይህ ልዩነት ለደረቅ አካባቢ ወሳኝ ነው። መከላከያው በሽታ የሚሠራ ከሆነ፣ በእርጥበት እጥረት የተጎዳው ገፊ ተክል በምሽት በቂ ሽታ መልቀቁ መረጋገጥ አለበት። በቅጠል ፀጉር የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ተክሉ ከማሽላው አጠገብ መሬቱን መሸፈኑ ይበልጥ ያሳስባል። ከአዝመራ በኋላ ከብት በማሳው ላይ ስለሚሰማራ፣ ለብዙ ዓመት የሚቆይ ገፊ ተክልና ሳቢ ሣር ያለ ጥበቃ እስከሚቀጥለው ክረምት መቆየቱም አጠራጣሪ ነው።

ስለሆነም በሰቆጣ ደረቅ ምድር ግብርና ምርምር ማዕከልም ሆነ በአርሶ አደር ማሳ የሚደረግ ሙከራ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ቢመዘግብ ይጠቅማል፦ ወደ ማሳው የሚመጡ እናት የእሳት እራቶችን፣ በማሽላው ላይ የተጣሉ እንቁላሎችን፣ ወደ አገዳው የገቡ እጮችን። የመጀመሪያው ቁጥር ከቀነሰ ሽታው ከሩቅ እንደሠራ ያመለክታል። የሚመጡት ሳይቀንሱ እንቁላሎች ብቻ ካነሱ ምክንያቱ በቅርብ ምርመራ ላይ ይፈለጋል። እንቁላሎቹ እኩል ሆነው እጮች ካነሱ ግን ተርቦቹ፣ ሌሎች የተፈጥሮ ጠላቶች ወይም የቅጠሉ ፀጉሮች ይጠረጠራሉ።

ማጠቃለያ

የአገዳ ቆርቁር እናት ማሳውን የምታገኘው ሰው በማይሰማው የሌሊት ጠረን ነው። ያንን ጠረን መጠቀም የሚረጭ መድኃኒት ለመግዛት አቅም ለሌለው አርሶ አደር ትልቅ ዕድል ነው። ይሁን እንጂ ለገፊ ተክል የሚለቀቀው እያንዳንዱ መስመር ከጠባቡ ማሳ ላይ የሚቀነስ ነው። አርሶ አደሩ ይህን መሬት እንዲሰጥ ከመመከሩ በፊት ተክሉ የትኛውን የተባዩን እርምጃ እንደሚያቋርጥ በአካባቢው ዝናብና አፈር ላይ ተለክቶ መታወቅ ይኖርበታል።