ውሻዎን አልጋ ላይ ከማውጣትዎ በፊት

ውሻ ከባለቤቱ ጋር አንድ አልጋ ላይ ቢያድር ጤና ይጎዳል ወይ ለሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሁለት መልስ ይሰማል። አንዱ ወገን ውሻ ከደጅ ማለፍ የለበትም ይላል። ሌላው «የኔ ውሻ ንጹሕ ነው፣ በየሳምንቱ አጥበዋለሁ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ሁለቱም ዋናውን ነገር አያነሱም። አልጋ ላይ የሚያሰጋው የፀጉሩ አቧራ አይደለም፤ የውሻው ምግብ፣ የተጓደለ ክትባቱና ቆዳው ላይ የተሸከመው ተባይ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ብሩኖ ቾሜልና ቤን ሰን የተባሉ በካሊፎርኒያ የሚሠሩ ተመራማሪዎች እስከዚያ የተመዘገቡ ሕመሞችን ሰብስበው ከመረመሩ በኋላ፣ በመኝታ ቤት ከቤት እንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ ጥቂት ቢሆንም በእርግጥ እንዳለ ጽፈዋል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከአልጋው ርቆ ነው።

ደረጃ 1፦ ቤት ውስጥ ማን እንዳለ ይዩ

አንዳንድ ቤት መልሱ አጭር ነው፤ አይሆንም። ሕፃን በተኛበት ውሻ አይተኛም። የቱንም ያህል ገራም ቢሆን፣ በእንቅልፍ ልቡ ቢደገፍበት ሕፃኑ ሊታፈን ይችላል። ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም እጃቸው ከአፋቸው ስለማይለይ የትል እንቁላል በቀላሉ ይውጣሉ። የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ፣ ኩላሊት የተተካለት፣ ጣፊያው የወጣ ወይም በሌላ ምክንያት የመከላከል አቅሙ የደከመ ሰውም እንዲሁ ይጠንቀቅ። ካፕኖሳይቶፋጋ የሚባል ባክቴሪያ በጤነኛ ውሻ አፍ ውስጥ ይኖራል። አብዛኛውን ሰው ምንም አያደርገውም፤ ጣፊያ የሌለውን ሰው ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል።

አስም ወይም አለርጂ ያለበት ሰው ካለ ውሻው ጭራሽ መኝታ ክፍሉ አይግባ። አለርጂው የሚመጣው ከምራቁና ከቆዳው ፎረፎር ስለሆነ ፀጉረ አጭር መሆኑ አያድንም፤ «አለርጂ የማያመጣ ዝርያ» ተብሎ የሚሸጠውም ቢሆን።

ደረጃ 2፦ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት

ይህ ሳይሟላ ወደሚቀጥለው አይሂዱ። በዓለም ላይ ሰው ከሚያዝበት የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፤ እኛ አገር በየዓመቱ ይደገማል። የመጀመሪያው ክትባት ሥራውን እስኪጀምር አንድ ወር ያህል ይታገሱ። ካርዱን ሲቀበሉ ቀኑና የሐኪሙ ፊርማ መኖሩን ይዩ። ቀን ታስሮ ውሎ ሌሊት የሚለቀቅ የግቢ ውሻ ግን ቢከተብም ለአልጋ አይሆንም፤ ሌሊቱን ከማን ጋር ሲናከስ፣ ምን ሲበላ እንዳደረ አያውቁም።

ደረጃ 3፦ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ይቁም

ከሁሉም አጥብቄ የምናገረው ይህንን ነው። በፋሲካ፣ በእንቁጣጣሽ፣ በአረፋ በግ ግቢ ውስጥ ይታረዳል። ሆድ ዕቃው ሲወጣ አንዳንዴ ጉበቱ ወይም ሳንባው ላይ ነጣ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ እብጠት ይገኛል። አራጁ በቢላው ቆርጦ ያወጣና «ይህ ለሰው አይሆንም» ብሎ ለውሻው ይወረውራል። ለሰው አይሆንም የተባለው ነገር በውሻው በኩል ዞሮ ወደ ሰው የሚመጣው ከዚህ ነው።

በዚያ ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ እጮች አሉ። ውሻው አንጀት ውስጥ ሲገቡ ከ1 ሳንቲ ሜትር የሚያንስ የኮሶ ትል ዘመድ ይሆናሉ። ውሻው አይከሳም፣ አያስቀምጠውም፣ እንደ ወትሮው ይቦርቃል። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ውሻው መቀመጫውን ይልስና በዚያው ምላሱ ፀጉሩን ያበጥራል፤ እንቁላሉ ከፀጉሩ ወደ ትራሱ፣ ከትራሱ ወደ ሰው እጅና አፍ ይሄዳል። ሰው ሆድ ሲገባ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያንኑ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሠራል፤ ለዓመታት ምንም ሳያሳምም ቀስ እያለ ያድጋል። ብዙዎች የሚያውቁት ለሌላ ነገር አልትራሳውንድ ሲነሱ ነው። ሕክምናው ወራት የሚፈጅ መድኃኒት ወይም ቀዶ ሕክምና ሊሆን ይችላል። ውሻ ከሕፃናት ጋር በአንድ ጎጆ በሚያድርበት በሰሜን ምዕራብ ኬንያ በቱርካና ሕዝብ ዘንድ ይህ በሽታ በዓለም ከፍተኛ ከተባሉት መጠኖች በአንዱ ተመዝግቧል፤ በእኛ በኩል ባሉት የደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮችም ዘንድ ይታወቃል።

እንግዲህ የእርዱ ዕለት ውሻውን አስቀድመው ይሰሩት። እብጠት ያለበትን ሥጋ ያቃጥሉ፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቀት ይቅበሩት። ደህና የሚመስለውንም ጉበትና ሳንባ ቆራርጠው ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቀቅሉ አይስጡት። ውጭ አገር ሆነው ከገበሬ በግ ገዝተው ለሚያርዱም ደንቡ ያው ነው።

ደረጃ 4፦ የትል መድኃኒት በጊዜው

ቡችላ ወስፋትን ከእናቱ ማህፀንና ጡት ይዞት ይመጣል። ስለዚህ ከ2 ሳምንቱ ጀምሮ በየ2 ሳምንቱ እስከ 2 ወሩ መድኃኒት ይሰጠዋል፤ ለቀጣዮቹ ወራት ሐኪሙን ይጠይቁ። ትልቅ ውሻ ቢያንስ በየ3 ወሩ ይውሰድ። ለወስፋት የሚሆነው ኪኒን ሁሉ ከላይ የተናገርኩትን ትል አይገድልም፤ ፕራዚኳንቴል ያለበት መሆኑን ሲገዙ ይጠይቁ። ጥሬ ሥጋ ሊያገኝ የሚችል ውሻ ይህን በየ6 ሳምንቱ ይፈልጋል። መጠኑ የሚወሰነው በክብደቱ ነውና በግምት አይስጡ።

መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። ከሰጡት በኋላ ለሁለት ቀን ዓይነ ምድሩን በጓንት እየሰበሰቡ ይቅበሩ፣ ከዚያ ገላውን ያጥቡት። በእነዚህ ቀናት አልጋ ላይ አያውጡት።

ደረጃ 5፦ ቁንጫና መዥገር

ነጭ ሶፍት ውሃ ነክረው ጨምቀው መሬት ላይ ያንጥፉ፤ ከላይ የውሻውን ፀጉር ከጅራቱ ሥር በጥርሰ ደቃቅ ማበጠሪያ ያበጥሩ። የሚራገፈው ጥቁር ብናኝ ሶፍቱ ላይ ቀላ ብሎ ከተሰራጨ የቁንጫ ዓይነ ምድር ነው፤ ቀለሙ የውሻው ደም ነው። አንሶላው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚመስል፣ አንዳንዴም የሚንቀሳቀስ ነገር ካዩ ደግሞ በቁንጫ የሚተላለፍ የኮሶ ትል ቁራጭ ነው። ልጆች የሚያዙት ቁንጫዋን ሲውጡ ነው።

ውሻውን ብቻ ማከም አይበቃም፤ የቁንጫው እንቁላልና እጭ አብዛኛው ያለው ምንጣፉና አልጋው ላይ ነው። የአልጋውን ጨርቅ በ60 ዲግሪ ውሃ ይጠቡ፣ ምንጣፉን ይጥረጉ፣ የውሻውን መድኃኒት ለ3 ወር ያህል ሳያቋርጡ ይቀጥሉ። ለሰብል የሚረጭ ፀረ ተባይ ውሻ ላይ ፈጽሞ አያፍስሱ፤ ውሻውንም የሚያቅፈውን ልጅም ይመርዛል። ፐርሜትሪን ያለበት የውሻ መድኃኒት ድመትን ስለሚገድል፣ ድመት ያለበት ቤት ሌላ ይመረጥ።

ደረጃ 6፦ አሁን ወደ አልጋው

የኔ ምክር እዚያው ክፍል ውስጥ የራሱን መኝታ እንዲያነጥፉለት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. አሪዞና በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ 40 ጤነኛ ጎልማሶችና ውሾቻቸው የተጠኑበት ሥራ፣ ውሻው ክፍሉ ውስጥ ሲያድር ሰዎቹ ደህና እንደሚተኙ፣ አልጋው ላይ ሲወጣ ግን እንቅልፋቸው እንደሚቀንስ አሳይቷል። አልጋ ላይ ይሁን ካሉ፣ ከብርድ ልብሱ በላይና ከእግር በኩል ይሁን። የራሱ ጨርቅ ይነጠፍለት፤ አንሶላውና ጨርቁ በየሳምንቱ ይታጠቡ። ፊትዎንና ቁስልዎን እንዲልስ አይፍቀዱ። ሲያስቀምጠው፣ ሲያሳክከው ወይም ፀጉሩ በክብ ሲረግፍ ወዲያው ከአልጋ ይውረድ፤ ጭርትም ሆነ የውሻ እከክ ወደ ሰው ይጋባል።

ደረጃ 7፦ ወደ ሐኪም መቼ?

ከነከሰዎት፣ ከቧጠጠዎት ወይም ምራቁ ቁስልና ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ቦታውን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠቡ፤ በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። ጠበል የሚጠመቅም የባህል መድኃኒት የሚወስድም ሰው ክትባቱን ለአንድ ቀን እንኳ አያዘግይ። ነካሹን ውሻ አይግደሉት፤ ለ10 ቀን ታስሮ ይታይ። ከውሻ ጋር የሚተኛ ሰው ትኩሳት፣ በክብ የወጣ ሽፍታ፣ የማይለቅ ሳል ወይም በቀኝ ጎኑ ከጎድን ሥር ክብደት ከተሰማው፣ ሐኪሙ ባይጠይቀውም ውሻ እንዳለው ራሱ ይንገር።