ስለ ጠጉር ማጠቢያ ታሪክና ስለ ጠጉር ጤና

ከእንጦጦ ተራራ የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ወደ የካ የሚወርዱ ሴቶችን ከድሮ ጀምሮ እናውቃቸዋለን። ማታ ሻሻቸውን ሲፈቱ ጠጉራቸው ላብና አቧራ ይዟል፤ ቤት ሲገቡ ደግሞ የምድጃው ጢስ ይጨመርበታል። ታዲያ በምን ይታጠብ?

እናቶቻችን ሳሙና እንደ ልብ ሳይገኝ እድፍ የሚያስለቅቁት በእንዶድ ነበር። ፍሬው ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ሲታሽ አረፋ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አገኙ። ስለዚህ እንዶድ ኃይለኛ ነው፤ ዓይን አይግባ፣ ሕፃን አይቅመሰው።

ሳሙናም ቢሆን ጉድለት አለው። የኖራ ጠባይ ባለው ውሃ ሲታጠቡበት ጠጉር ላይ ነጭ ዝቃጭ ይተዋል። ጀርመኖች በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሳሙና ስብ ስላጠራቸው ከድንጋይ ከሰል ሌላ ማጠቢያ ሠሩ። ከዚያም በ1934 (እ.ኤ.አ.) አሜሪካ ውስጥ ድሬን የተባለው ሻምፑ ለገበያ ወጣ። ዝቃጭ አይተውም፤ ነገር ግን የጠጉሩን ወዝ ጨርሶ እየጠረገ አደረቀው። ኋላ ማለስለሻ ተጨመረበት።

የኛ እናቶች ለደረቀ ጠጉር ቅቤ መቀባትን ያውቃሉ። መልካም ነው፤ ግን ባልታጠበ ጠጉር ላይ ቅቤ ቢደረብ አቧራውን ያጣብቃል። መጀመሪያ ይታጠብ፤ ቀጥሎ ንጹሕ ቅቤ ጥቂት ይቀባ።

አሁን ዋናውን ነገር ልብ በሉ። የልብስ ማጠቢያ ዱቄት ለራስ አይሆንም፤ የራስ ቆዳ ያቆስላል፣ ዓይን ያቃጥላል። ቅማል ለመግደል ብላችሁም የልጅ ራስ ላይ ላምባ አታፍስሱ። እሳት አጠገብ ስትቀመጥ አንዲት ፍንጣሪ ልጅቱን ልታቃጥላት ትችላለች።

ሻምፑም ብቻውን ቅማል አይገድልም። የሚሻለው ይህ ነው፦ ጠጉሩን አርጥባችሁ፣ ጥርሱ ደቃቅ በሆነ ሚዶ ከሥሩ እስከ ጫፉ አበጥሩ። ሚዶውን በየጊዜው በነጭ ጨርቅ ጥረጉ። ቅጫም ቀን ቆጥሮ ስለሚፈለፈል፣ በየ3 ወይም በየ4 ቀኑ ለ2 ሳምንት ደጋግሙት። የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይታይ፤ አንዱ ቢቀር ለሌላው ይመልሳልና።

ስትታጠቡም ውሃውን ቀድታችሁ ከምንጩ ራቅ በሉ። የናንተ እጣቢ ከታች ላለችው ጎረቤት የመጠጥ ውሃ እንዳይሆንባት።