ዐረብኛን ከሻይ መጀመር፦ ካርቱም ለሚማር ኢትዮጵያዊ

ለትምህርት ካርቱም የገባ ኢትዮጵያዊ ሁለት ዐረብኛ ይገጥመዋል። አንዱ የክፍሉ ነው። በደቡብ ካርቱም የሚገኘው ዓለም አቀፉ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲም ሆነ እ.ኤ.አ. በ1974 የተቋቋመው የካርቱም ዓለም አቀፍ የዐረብኛ ቋንቋ ተቋም የሚያስተምሩት ፉስሓውን፣ የመጽሐፉንና የዜናውን ዐረብኛ ነው። ሌላው ከግቢው በር ውጭ ያለው ነው። በክፍሉ «እፈልጋለሁ» «ኡሪዱ» ነው፤ በመንገዱ «ዳይር» ነው። በክፍሉ ውሃ «ማእ»፣ ዳቦ «ኹብዝ» ይባላል፤ በመንገዱ «ሞያ» እና «ዔሽ» ነው። ፉስሓውን ብቻ ይዞ የወጣ ተማሪ የሚለውን ሰዎች ይረዱታል፣ እነሱ የሚሉት ግን እሱ አይገባውም። ጨዋታው እዚያው ይቆማል።

የመንገዱን ዐረብኛ ለመያዝ ከሻይ መቀመጫ የሚሻል ቦታ የለም ብዬ አምናለሁ። «ሲት አሽ-ሻይ» የሚሏት ሻይ ሻጭ ከሰሏን አያይዛ፣ ብርጭቆዎቿንና የቅመም ብልቃጦቿን ደርድራ፣ ደንበኞቿን «ባንበር» በሚሉት ዝቅተኛ በርጩማ ዙሪያዋን ታስቀምጣለች። ሰው ቸኩሎ የማይሄድበት ቦታ ነው። ትእዛዙ አጭር ነው፣ በየቀኑ ይደጋገማል፣ ቢሳሳቱም የሚከፈለው የአንድ ብርጭቆ ሻይ ዋጋ ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 15 ቀን 2023 የተነሳው ጦርነት ካርቱምን ክፉኛ አፍርሷታል፤ ተማሪውም ሻይ ሻጯም ተበትነዋል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ዛሬውኑ ተነሥታችሁ ሂዱ አይልም። ቋንቋው ግን ከሰዎቹ ጋር ተጉዟል። ከዚህ በታች ያለው በፖርት ሱዳን፣ በገዳሪፍ፣ በካይሮ፣ በመተማ፣ ሱዳናውያን ባሉበት አዲስ አበባም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ አንድ መቀመጫ ምረጡ፣ አትለዋውጡ

በየቀኑ አዲስ ቦታ የሚሞክር ተማሪ በየቀኑ «ከየት ነህ?» የሚለውን ብቻ ሲመልስ ይከርማል። አንድ ቦታ ሲደጋገም ግን ሻይ ሻጯ ትናንት ያላችሁትን ታስታውሳለች፣ ስሕተታችሁንም ታርማለች። ከመኖሪያችሁ ወይም ከትምህርት ቤታችሁ በር አጠገብ ያለውን ምረጡ። ሴት ተማሪዎች ብቻቸውን መቀመጥ ከከበዳቸው ከጓደኛ ጋር፣ ሌሎች ሴት ተማሪዎች የሚቀመጡበትን ቢመርጡ ይቀላቸዋል።

ደይምና ጅሬፍ ከጦርነቱ በፊት ሐበሻ የበዛባቸው የካርቱም ሰፈሮች ነበሩ። ሽሮውም ቡናውም አማርኛውም ነበረባቸው። እንዲህ ያለ ሰፈር ለናፍቆት መልካም ነው፤ ለቋንቋ ግን እዚያ የዋለ ሰው በሳምንቱ መጨረሻ የሚያውቀው ዐረብኛ ሲመጣ የሚያውቀውን ነው። ሻይ ከሚሸጡት መካከል ኢትዮጵያውያትም ብዙ ናቸው። ከእነሱ ዘንድ ከተቀመጣችሁ በአማርኛ ሰላም በሏቸው፤ ከዚያ ጆሯችሁን ከጎናችሁ ላሉት ሱዳናውያን ደንበኞች ስጡ።

ሰዓቱም ይታሰብበት። ሰው የሚጋፋበትን ሰዓት ለቀቅ አድርጉ። ሻይ ሻጯ እየሠራች ያለች የቤተሰብ መጋቢ ናት፤ ትርፍ ጊዜ ሲኖራት ብቻ ነው የምታጫውታችሁ። የእነዚህ ሴቶች ሥራ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ የዐወዲያ ማሕሙድ ኩኩን ስም ፈልጉ። ራሷ ሻይ ሻጭ ነበረች። የምግብና የሻይ ሻጭ ሴቶችን ኅብረት ሥራ ማኅበር መርታ፣ ዕቃቸውን በአፈሳ ለሚቀሙ ሴቶች ተሟግታ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ከአሜሪካ መንግሥት የዓለም አቀፍ ጀግና ሴቶችን ሽልማት ተቀብላለች።

ደረጃ 2፦ ሳትቀመጡ ሰላምታ

ሱዳናዊ ሰላምታ ረዥም ነው፣ ልክ እንደ ገጠራችን። «አስ-ሰላሙ ዐለይኩም» ብሎ ወዲያው ትእዛዝ መስጠት ደረቅ ያስመስላል። «ከይፍ? ተማም?» ይባላል፤ መልሱም «ተማም፣ አል-ሐምዱሊላህ» ነው። «አኽባራክ ሺኑ?» ሲሏችሁ «ምን ወሬ አለ?» ማለታቸው ነውና እንደገና «ተማም» በሉ።

እኛ «አንቱ» እና «እርስዎ» አለን፤ በእነሱ የዕለት ንግግር አክብሮቱ ያለው በመጠሪያው ነው። በእናታችሁ ዕድሜ ያለችውን ሻይ ሻጭ «ያ ኻልቲ»፣ አክስቴ፣ በሏት፤ እኩያችሁን «ያ ኡኽቲ»፣ እህቴ። ሽማግሌውን «ያ ዐሚ»፣ አጎቴ፣ ወይም «ያ ሓጅ» ማለት ያስከብራል። ያለ መጠሪያ የመጣ ትእዛዝ፣ ሰዋስውው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ይጎረብጣል።

ደረጃ 3፦ አንዱን ሻይ በትክክል እዘዙ

አማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ከሌላው የውጭ ተማሪ ይቀድማል፤ የሻዩ ቅመም ስም ግማሹ በአፉ አለና። ዝንጅብል «ዘንጀቢል»፣ ቀረፋ «ጊርፋ»፣ ቅርንፉድ «ጉሩንፉል»፣ ናና «ነዕናዕ»፣ ስኳር «ሱከር» ነው። ሄል ብቻ ይለያል፤ «ሀበሃን» ይሉታል። ከዚህ ውስጥ አንድ ጠቃሚ ሕግ ይወጣል፦ መጽሐፋችሁ «ቀ» የሚለውን ፊደል ሱዳናዊው «ገ» ብሎ ያነበዋል። «ቀህዋ» የተባለውን ቡና «ጋህዋ»፣ «ቀዲም» የተባለውን አሮጌ «ገዲም» ብላችሁ ብታወጡት አብዛኛውን ጊዜ ትክክል ናችሁ።

የጉሮሮ ድምፆች ግን ይፈትናሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ በፊደላችን ሦስት ሆነው በአፋችን አንድ ሆነዋል፤ ዐረብኛ ሦስቱንም ለይቶ ይፈልጋቸዋል። ዐ እና አም እንዲሁ። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ካላችሁ ሐ እና ዐን እንዲያሰማችሁ ለምኑት። ከየትኛውም ካሴት ይልቅ እሱ ይጠቅማችኋል።

መጀመሪያ አጥኑ የምለው ጭውውት ይህ ነው፦

— አስ-ሰላሙ ዐለይኩም ያ ኻልቲ።
— ዐለይኩሙ ሰላም፣ ሐባበክ። ተሽረብ ሺኑ? (እንኳን ደህና መጣህ፤ ምን ትጠጣለህ?)
— ዳይር ሻይ ቢ ነዕናዕ፣ ሱከር ኸፊፍ። (ሻይ በናና፣ ስኳሩ ቀለል ያለ እፈልጋለሁ።)
— ሓዲር። (እሺ።)

ሴት ከሆናችሁ «ዳይር» ሳይሆን «ዳይራ» ነው የምትሉት። ስኳሩን ካላስጠነቀቃችሁ ሻዩ በጣም ጣፋጭ ሆኖ ይመጣል፤ ስለዚህ «ሱከር ኸፊፍ» ጠቃሚ ሐረግ ነው። ቅመም የሌለበት «ሻይ ሳዳ»፣ ወተት ያለበት «ሻይ ቢ ለበን» ይባላል። ሁለተኛ ስትፈልጉ «ኩባያ ታኒ» በሉ። ለቡና የሚጠራው የማፍያው ስም ነው፣ «ጀበና»፤ በዝንጅብል ተቀቅሎ ይመጣል። እዚህ አናባቢውን ጠብቁ። «ጂብና» ካላችሁ የጠየቃችሁት አይብ ነው።

ይህን ጭውውት ሳትደናቀፉ እስክትሉት ድረስ ሌላ አትጨምሩ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ዛሬ ናናውን በቀረፋ፣ ነገ ሻዩን በጀበና፣ ከነገ ወዲያ ከጎኑ የተቀመጠውን የተጠበሰ ጣፋጭ ሊጥ፣ «ሊጌማት» የሚሉትን፣ ጨምሩበት። አንድ ለውጥ በቀን የማይበቃ ይመስላል። ወሩ ሲያልቅ ግን ከዝርዝር ላይ ከተሸመደደ ቃል ይልቅ ይህ ይቀራል፤ እያንዳንዱ ቃል የጠየቃችሁትን ነገር ስላመጣላችሁ።

ደረጃ 4፦ ያልገባችሁን ጠይቁ፣ እንግሊዝኛውን በትሕትና መልሱ

አራት ሐረጎች ሁልጊዜ ከእናንተ አይለዩ። «ዳ ሺኑ?» ይህ ምንድን ነው። «ዳ ኢስሙ ሺኑ?» ስሙ ምን ይባላል። «ማ ፊሂምተ» አልገባኝም። «ቢራሓ» ቀስ ብለው። እንዲደግሙላችሁ ለሴት «ጉሊ ታኒ»፣ ለወንድ «ጉል ታኒ» በሉ። ለወንድና ለሴት የተለያየ ግሥ መጠቀም ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ስላልሆነ ይህን በፍጥነት ትይዙታላችሁ።

ካርቱም ውስጥ እንግሊዝኛ የሚያውቅ ወጣት ብዙ ነው፣ በተለይ በካርቱም ዩኒቨርሲቲ አካባቢ። ስትንተባተቡ በደግነት ወደ እንግሊዝኛ ይገባላችኋል። ከተከተላችሁት የዕለቱ ትምህርት አበቃ። ፈገግ ብላችሁ «ዐረቢ ባስ» በሉ፣ ዐረብኛ ብቻ። እሱ እንግሊዝኛውን መለማመድ ከፈለገ ደግሞ በግልጽ ተዋዋሉ። የመጀመሪያው ብርጭቆ በዐረብኛ፣ ሁለተኛው በእንግሊዝኛ። እንዲህ ያለ ውል ሁለቱንም ይጠቅማል፤ የእናንተም እንግሊዝኛ ይታደሳል።

ስልክ አውጥቶ መተርጎሚያ መፈለግን አልመክርም። ቀና ብሎ መጠየቅ ሌላ ጥያቄ ያመጣል፣ ጎረቤት ደንበኛም ይገባበታል። ቃሉን በኋላ፣ ቤት ስትገቡ፣ በፊደላችሁ ጻፉት።

ደረጃ 5፦ ሒሳቡ

«አል-ሒሳብ ካም?» ስንት ነው። የቁጥሩ ስም ቀላል ነው፤ አስቸጋሪው ገንዘቡ ነው። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1992 ዲናርን አስገብታ አንዱን ዲናር በ10 ፓውንድ ተመነች፤ በ2007 ደግሞ አዲስ ፓውንድ አውጥታ በ100 ዲናር ቀየረችው። አንዱ አዲስ ፓውንድ 1,000 የድሮ ፓውንድ ሆነ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን በድሮው መቁጠሩን አልተወም። «አልፍ»፣ ሺህ፣ ያላችሁ ሰው አንድ አዲስ ፓውንድ፣ «ሚልዮን» ያላችሁ ደግሞ አንድ ሺህ ማለቱ ሊሆን ይችላል። የሰማችሁት ቁጥር ካስደነገጣችሁ ከመከራከራችሁ በፊት «ቢል-ገዲም ወላ ቢል-ጀዲድ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ በድሮው ነው ወይስ በአዲሱ።

አጠገባችሁ የተቀመጠ ሰው «ዐለይያ» ብሎ፣ በእኔ ነው ብሎ፣ ሊከፍልላችሁ ይችላል። አንድ ሁለቴ ተግደርደሩ፣ ከዚያ ተቀበሉና አመስግኑ። በሌላ ቀን እናንተ ቀድማችሁ «ዐለይያ» በሉ። በሻይ ዋጋ ግን አትከራከሩ፤ ለቋንቋ ልምምድ ተብሎ የሻይ ሻጭ ሳንቲም አይነካም።

ደረጃ 6፦ ወደ ፉሉ ተሻገሩ

ሻዩ ሲለመድ ረፋድ ላይ ወደ ፉል ቤት ግቡ። ሱዳናዊ ቁርሱን፣ «ፈጡር»፣ በእኛ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ነው የሚበላው፤ በማለዳው ሻይና ሊጌማት ብቻ ይቀማመሳል። ስለዚህ በአንድ ሰዓት ሄዳችሁ አትጠብቁ።

እዚህ ወረፋ አለ፣ ጩኸት አለ፣ ሻጩም አይደግምም። ለዚህ ነው ከሻይ ቀጥሎ ያስቀመጥኩት። አጭር አድርጋችሁ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ እዘዙ፦ «አዲኒ ፉል ቢ ዜት ሲምሲም»፣ ፉል በሰሊጥ ዘይት ስጠኝ። ቀጥላችሁ የሚጨመረውን ቁጠሩ፦ «ጂብና» አይብ፣ «በሰል» ሽንኩርት፣ «ሸጣ» ሚጥሚጣ መሳይ ቃሪያ፣ «ጠዕሚያ» ከሽምብራ የሚጠበሰው። የማትፈልጉትን «ቢዱን ሸጣ» ብላችሁ አውጡት። ኪሳችሁ ሲሳሳ «ቦሽ» እዘዙ። ዳቦ ተፈርፍሮ የፉል ውሃ የሚፈስበት፣ የካርቱም ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ምግብ ነው።

ፉል በአንድ ሰሓን ለብዙ ሰው ይቀርባል። በአጠገባቸው ስታልፉ «ኢትፈደል» ሲሏችሁ «እንብላ» ማለታቸው ነው። ቁጭ በሉ፣ በቀኝ እጅ ከፊታችሁ ካለው ቁረሱ። ሰሓን የተጋራ ሰው ስለ ቤተሰባችሁ፣ ስለ አገራችሁ፣ ስለ አባይ ይጠይቃችኋል፤ ይኼ የማዘዣ ዐረብኛ ወደ ጨዋታ ዐረብኛ የሚሻገርበት ቦታ ነው። ስለ አባይ ግድብ ክርክር ከተነሳ የቃል እጥረታችሁን ተመልክታችሁ በ«ኢን ሻአ አላህ ኸይር» እለፉት።

በረመዳን ቀኑን ሻይም ፉልም የለም። ማታ ግን ሰዎች የጾም መፍቻ ትሪያቸውን ወደ መንገድ አውጥተው መንገደኛውን አስቁመው ያበላሉ። ክርስቲያንም ብትሆኑ ይጋብዟችኋል። ሂዱ።

ደረጃ 7፦ በሚዛን የሚገዛው

መጨረሻ ገበያ። ተሳሊ የሚሉትን የሐብሐብ ፍሬ፣ ለውዝ («ፉል ሱዳኒ» ነው ስሙ፣ ከፉሉ እንዳይምታታባችሁ)፣ ቴምር። «ኑስ ኪሎ» ግማሽ፣ «ሩቡዕ» ሩብ። «ጋሊ» ውድ ነው። እዚህ መከራከር ይፈቀዳል፣ ይጠበቃልም።

እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ከአገራቸው ለተሰደዱ እጅግ ብዙ ኢትዮጵያውያን ካርቱም መጠጊያ ሆናለች። አሁን ተራው ተገልብጦ ብዙ ሱዳናውያን በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ ገብተዋል፤ አዲስ አበባም የሚኖሩ አሉ። ዐረብኛ የምትማሩ ከሆነ ካርቱም እስክትረጋጋ አትጠብቁ። ሱዳናዊ ጎረቤታችሁን «ከይፍ? ተማም?» ብላችሁ ሰላም በሉት፣ ከሚሸጠው ግዙ፣ ሒሳቡን ሙሉውን ክፈሉ።