የሰማይ ወራሪዎችና ሁለተኛው ተመልካች

አንድ ምሽት በደብረ ብርሃን ከተማ መብራት ጠፍቶ ሳለ፣ በምሥራቅ በኩል ከአንኮበር ተራሮች በላይ ከዚህ ቀደም ያልታየ ብርሃን ብቅ ቢል ምን እናደርጋለን? ገሚሶቻችን እናማትባለን፤ ገሚሶቻችን ስልካችንን አውጥተን እንቀርጻለን፤ “ከሌላ ዓለም የመጡ ወራሪዎች ናቸው” የሚልም አይጠፋም። በዚህ ጽሑፍ ከአንድ የቴሌቪዥን ድራማ ተነስተን፣ እንዲህ ያለውን ብርሃን ፊዚክስ እንዴት እንደሚመረምረው ለማሳየት እንሞክራለን። ለመመርመር የሚያስፈልገው መሣሪያ ውድ አይደለም፤ በሌላ ቦታ የቆመ ሁለተኛ ሰው ነው።

በሜፕል ጎዳና የሆነው

“ዘ ትዋይላይት ዞን” የተሰኘው የአሜሪካ ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ እ.ኤ.አ. በማርች 1960 ዓ.ም. በሮድ ሰርሊንግ የተጻፈ አንድ ክፍል አቅርቦ ነበር። ታሪኩ የሚፈጸመው ሜፕል በተባለ ጸጥተኛ የመኖሪያ ሰፈር ነው። በአንድ ሞቃት ምሽት የሚያበራ ነገር እያገሳ በሰማይ ያልፋል። ወዲያውኑ መብራቱ ይጠፋል፤ ስልኩ ይዘጋል፤ መኪናዎችም አልነሳ ይላሉ። ፒት ቫን ሆርን የተባለው ጎረቤት የቀጣዩ ጎዳና ሁኔታ እንደዚሁ መሆን አለመሆኑን አይቶ ለመመለስ በእግሩ ይሄዳል።

እርሱ በሌለበት አንድ ልጅ፣ በልብ ወለድ እንዳነበበው፣ ወራሪዎች ሰው መስለው የሚኖሩ ቀዳሚዎችን አስቀድመው እንደሚልኩ ይናገራል። ጥርጣሬው ከዚያ ይጀምራል። የአንዱ ጎረቤት መኪና በራሱ ሲነሳ ሁሉም ወደ እርሱ ይዞራል። የሚቀርብበት ማስረጃም ሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ሰማይ ሲመለከት መታየቱ ነው። ጥቂት ቆይቶ በጨለማው ውስጥ አንድ ጥላ ወደ ሰፈሩ ሲመጣ ከነዋሪዎቹ አንዱ ተኩሶ ይገድለዋል። ሟቹ የሌላውን ጎዳና ሁኔታ አይቶ የሚመለሰው ቫን ሆርን ነበር። ከዚያ በኋላ ጎረቤት በጎረቤት ላይ ይነሳል። በመጨረሻም እውነተኞቹ ወራሪዎች በአቅራቢያው ኮረብታ ላይ ቆመው መብራት እያጠፉና እያበሩ ሲመለከቱ እናያለን። አንድ ጥይት እንኳ መተኮስ አላስፈለጋቸውም።

መምጣት ይችላሉን?

ከሁሉ አስቀድሞ ጉዞውን እናስላ። ከፀሐይ ቀጥሎ ለእኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ፕሮክሲማ ሴንታውሪ 4.24 የብርሃን ዓመት፣ ማለትም ወደ 40 ትሪሊዮን ኪሎሜትር ይርቃል። እ.ኤ.አ. በ1977 የተወነጨፈችው ቮየጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎሜትር ያህል ትጓዛለች። በዚህ ፍጥነት ያንን ርቀት ለመጨረስ 75 ሺህ ዓመት ገደማ ይፈጃል።

ወራሪዎቹ የብርሃንን ፍጥነት አንድ አሥረኛ፣ ማለትም በሰከንድ 30 ሺህ ኪሎሜትር፣ መጓዝ ቻሉ እንበል። ጉዞው ወደ 42 ዓመት ያጥራል። መጠነ ቁሱ 1000 ቶን የሆነ መንኮራኩር በዚህ ፍጥነት ሲጓዝ የሚኖረው የእንቅስቃሴ ኢነርጂ ግማሽ መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት ካሬ ነው፤ ውጤቱም 4.5 × 10²⁰ ጁል ይሆናል። (የአንጻራዊነት ሕግ የሚያስከትለው ለውጥ በዚህ ፍጥነት ከአንድ በመቶ በታች ስለሆነ ትተነዋል።) ይህ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ2025 የተመረቀው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ በዓመት 15,760 ጊጋዋት ሰዓት እንዲያመነጭ የታቀደ ሲሆን፣ ይህም 5.7 × 10¹⁶ ጁል ያህል ነው። ስለዚህ ያንን መንኮራኩር ለማስፈንጠር ብቻ ግድቡ ያለ ዕረፍት ለ8000 ዓመት ያህል መሥራት ይኖርበታል። ምድር ሲደርሱ ፍጥነቱን ለመቀነስም ተመጣጣኝ ኢነርጂ ያሻል።

ይህ ስሌት ከምድር ውጭ ሕይወት የለም አይለንም። የሚለን አንድ ነገር ነው፤ በሰማይ ያልታወቀ ብርሃን ባየን ቁጥር የመጀመሪያው ግምታችን ይህ ሊሆን አይገባም። የመብራት መጥፋትም ቢሆን ከሰማይ የሚመጣ የታወቀ ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በማርች 1989 ከፀሐይ የተነሳ ማዕበል የምድርን መግነጢሳዊ መስክ አናውጦ በካናዳ የኬቤክ ግዛት ስድስት ሚሊዮን ያህል ሰዎችን ለዘጠኝ ሰዓታት በጨለማ አስቀምጧል።

ከተማዋን የሰየመው ብርሃን

በሰማይ የታየ ብርሃን ለእኛ አገር እንግዳ ነገር አይደለም። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው ከዚሁ ነው። እንደሚታወቀው ከተማዋን የመሠረቱት እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት ዓፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ዜና መዋዕላቸው እንደሚተርከው የደቂቀ እስጢፋኖስ ማኅበር አባላት በድንጋይ ተወግረው ከተገደሉ ከ38 ቀናት በኋላ፣ መጋቢት 10 ቀን፣ በሰማይ ላይ ብርሃን ታየ። ንጉሡም ብርሃኑን ፍርዳቸውን እግዚአብሔር የተቀበለበት ምልክት አድርገው ወሰዱት፤ በሥፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማውንም መናገሻቸው አደረጉት።

የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ብርሃኑ እ.ኤ.አ. በ1456 ከታየው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ሊገናኝ እንደሚችል አመልክተዋል። እኛም ይህን ግምት እንደ ተረጋገጠ እውነት አድርገን ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቻችን ስንነግር ኖረናል። አንድ ቀን ግን አንዲት ተማሪ “ጅራታሙ ኮከብ የታየው በየትኛው ወር ነው?” ስትል ጠየቀችን። መልስ አልነበረንም። ወደ ስሌቱ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው። የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በዚያ ዓመት ለፀሐይ እጅግ የቀረበው በጁን 9 ነበር፤ ደምቆ የታየውም በዚያው በሰኔ ወር ነው። በመጋቢት 10 ግን ከማርስ ምህዋር ውጭ ስለነበረ በዓይን ሊታይ የሚችል አልነበረም። ስለሆነም የዜና መዋዕሉ ቀን ትክክል ከሆነ ብርሃኑ ሃሌይ ሊሆን አይችልም። ይህንን ፓንክረስትም አልሸሸጉትም፤ የሸሸገው የእኛ ችኮላ ነበር።

ብርሃኑ ለምእመናን የሚሰጠውን ትርጉም መመዘን የፊዚክስ ሥራ አይደለም። አንድ ነገር ግን ልብ ማለት ይገባል። በዚያው በ1456 በጋ በአውሮፓ የታየውን ጅራታም ኮከብ ብዙዎች ቤልግሬድን ከከበበው የኦቶማን ጦር ጋር አያይዘውት ነበር። ከጦርነት ጋር የተፋጠጠው ሕዝብ ጦርነትን አነበበበት፤ ፍርድ የሰጠው ንጉሥ የፍርዱን መጽደቅ አነበበበት፤ በድራማው የሜፕል ነዋሪዎችም የጎረቤታቸውን ክህደት አነበቡበት። ብርሃን ራሱ ስም ይዞ አይመጣም። በእርሱ ምክንያት ሰውን ከመክሰሳችን በፊት ምን ያህል እንደሚርቅ ልናውቅ ይገባናል።

ከደብረ ብርሃንና ከአንኮበር

ርቀቱ እንዴት ይታወቃል? ጣትዎን ከፊትዎ ዘርግተው አንዱን ዓይን፣ ቀጥሎም ሌላውን ይጨፍኑ። ጣትዎ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር የዘለለ ይመስላል። ይህ ፓራላክስ ይባላል። ጣትዎ በቀረበ ቁጥር ዝላዩ ይበዛል፤ በራቀ ቁጥር ያንሳል።

አሁን ሁለቱን ዓይኖች በሁለት ተመልካቾች እንተካ፤ አንዱ በደብረ ብርሃን፣ ሌላው በአንኮበር። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ቀጥተኛ ርቀት በግምት 25 ኪሎሜትር ነው። በስልክ ተነጋግረው በአንድ ቅጽበት ብርሃኑ ከየትኞቹ ከዋክብት አጠገብ እንዳለ ይመዝግቡ። ለሩቅ ነገር ዝላዩ በዲግሪ ሲለካ 57.3 ሲባዛ በ25፣ ለብርሃኑ ርቀት በኪሎሜትር ሲካፈል ይሆናል። (ይህ የሚሠራው ብርሃኑ የሁለቱን ከተሞች መስመር በሚያቋርጥ አቅጣጫ ሲሆን ነው፤ በመስመሩ አቅጣጫ ከሆነ ዝላዩ ያንሳል።)

በ100 ኪሎሜትር ርቀት ላይ የሚነድ ተወርዋሪ ኮከብ 14 ዲግሪ ያህል ይዘላል። ክንድ ተዘርግቶ የሚታይ ጭብጥ 10 ዲግሪ ያህል ስለሚሸፍን፣ ይህ አንድ ጭብጥ ተኩል ያህል ነው፤ ያለ መሣሪያ ይታወቃል። በ400 ኪሎሜትር ርቀት የሚያልፍ ሳተላይት 3.6 ዲግሪ ይዘላል፤ ትንሿ ጣት 1 ዲግሪ ያህል ስለምትሸፍን ይህም በጣት ይለካል። ጨረቃ ግን 384 ሺህ ኪሎሜትር ስለምትርቅ ዝላይዋ ከአንድ ዲግሪ መቶኛ በታች ነው። ስለዚህ ብርሃኑ ከሁለቱም ከተሞች በአንድ ኮከብ አጠገብ ከታየ፣ ከአንኮበር ገደል በላይ የሚያንዣብብ ነገር አይደለም፤ በጣም ሩቅ ነው። ቲኮ ብራሄ እ.ኤ.አ. በ1577 የታየው ጅራታም ኮከብ ከጨረቃ በላይ መሆኑን ያሳየው በዚሁ ዘዴ፣ በዴንማርክ ያየውን በፕራግ ከታየው ጋር በማነጻጸር ነው።

አንድ ተመልካች ብቻውን፣ ዓይኑ የቱንም ያህል ቢጠራ፣ ይህን ርቀት ሊያገኝ አይችልም። በሜፕል ጎዳና ሁለተኛው ተመልካች ቫን ሆርን ነበር። ሰፈሩ የገደለውም እርሱን ነው።

የ2017ቱ ጥር

ይህ ጉዳይ የድራማ ብቻ አይደለም። በጥር 2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየተሰባበረ የሚነድ ነገር ሲያልፍ ታይቶ ነበር። በዚያ ሰሞን የአዋሽና የፈንታሌ አካባቢ በተደጋጋሚ በመሬት መንቀጥቀጥ ይናወጥ ስለነበር ፍርሃቱ እጥፍ ሆነ። ባለሙያዎች የሕዋ ፍርስራሽ ወይም ተወርዋሪ አካል ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። ሁለቱን ለመለየት ጊዜ መቁጠር ይረዳል። ከምድር ምህዋር የሚወድቅ ፍርስራሽ በሰከንድ 8 ኪሎሜትር ገደማ ስለሚጓዝና በአግድመት ስለሚገባ ሰማዩን ለማቋረጥ አንድ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድበት ይችላል። ተወርዋሪ ኮከብ ግን ቢያንስ በሰከንድ 11 ኪሎሜትር ስለሚመጣ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሰከንዶች ያልቃል። ስለዚህ የስልክ ቀረጻ የሚጠቅመው ቦታው፣ ሰዓቱና አቅጣጫው አብሮ ከተጻፈ ነው፤ እነዚህ ከሌሉት ከወሬ አይሻልም።

የሃሌይ ጅራታም ኮከብ በሐምሌ 2053 ዓ.ም. ተመልሶ ለፀሐይ ይቀርባል። ዛሬ ይህን የምታነቡ ተማሪዎች ያን ጊዜ መምህራንና ወላጆች ትሆናላችሁ። ልጆቻችሁ “ምንድን ነው?” ብለው ሲጠይቋችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ወደ ሌላው ከተማ ደውሉ። የሚመለስላችሁን ሰውም በሰላም ተቀበሉት።

መልመጃ

1. የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ከፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት ከምድር አማካይ ርቀት 17.8 እጥፍ ነው። የኬፕለርን ሦስተኛ ሕግ ተጠቅማችሁ ዙሪቱን በስንት ዓመት እንደሚጨርስ አስሉ።

2. በደብረ ብርሃንና በአንኮበር የቆሙ ሁለት ተማሪዎች አንድ ብርሃን የ2 ዲግሪ ዝላይ እንዳሳየ መዘገቡ። ብርሃኑ ስንት ኪሎሜትር ይርቃል? ተወርዋሪ ኮከብ ወይስ ሳተላይት ይመስላችኋል?

3. የወራሪዎቹ መንኮራኩር በብርሃን ፍጥነት አንድ መቶኛ ቢጓዝ ኢነርጂው የሕዳሴ ግድብ የስንት ዓመት ምርት ይሆናል? ጉዞውስ ስንት ዓመት ይፈጃል?